አይሱዙዋ ቤት ስትሆን

ባለፈው ዓመት በሸዋ በር በኩል ያለፋችሁ ሰዎች ከጁገል ግንብ ውጭ አንዲት ነጭ አይሱዙ ቆማ አይታችሁ ይሆናል። ካሶኒዋ ወልቆ በምትኩ መስኮት ያለው ሳጥን ተጭኖባት ነበር። «ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት? ሱቅ ናት? ክሊኒክ ናት?» ብሎ ያልጠየቀን አላፊ አግዳሚ አልነበረም። ሱቅም ክሊኒክም አይደለችም። የእኔና የባለቤቴ ቤት ናት።

ባለቤቴ 31 ዓመት በሾፌርነት ሠርቷል። ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት እየጫነ ወደ ጅግጅጋና ወደ ድሬዳዋ ሲመላለስ ኖረ። እኔ በ1975 ዓ.ም. በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ እስከ ጡረታዬ ድረስ በሐረርጌ ጤና ተቋማት አገልግያለሁ። እሱ ጋቢና ውስጥ ሲተኛ እኔ በአዳር ተራዬ ዋርድ ውስጥ ነቅቼ አድራለሁ። ትዳራችን ያለፈው እንዲህ ሆኖ ነው። ሁለታችንም ጡረታ ስንወጣ ልጆቻችን መኪናዋ ተሸጣ ገንዘቡ ባንክ እንዲገባ ፈለጉ። እሱ ግን «እኔ ያየሁትን አገር እናታችሁ አላየችም። ቤት አድርጌያት አብረን እንዞራለን» አላቸው።

እኔም መጀመሪያ ላይ ከልጆቹ ጋር ነበርኩ። ነገሩ ግን ከምድር ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ቤታቸውን በጭነት መኪና ላይ ሠርተው ሐረር ድረስ የሚመጡ ፈረንጆች አይተናል። እኛ ኤንፒአር የምንላት መኪና በአገሯ በጃፓን ኤልፍ ነው የምትባለው፤ አይሱዙም እዚያ ለመኖሪያ መኪና መሥሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ሻንሲ ይሸጣል። 35 ኩንታል የምትሸከም መኪና አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃና ሁለት ሽማግሌ አይከብዳትም።

በመጀመሪያ የመኪናው አካል በሊብሬው ላይ ስለሚመዘገብ ለውጡን አስፈቀድን። ከዚያ ሥራውን ሸዋ በር ላለ በያጅ ሰጠነው። ሰፈሩ ቁርጥራጭ ብረት እየቀጠቀጡ ምድጃና ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች መናኸሪያ ስለሆነ ቆርቆሮና መዶሻ ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ሳጥኑ በቱቦላሬ ተዋቅሮ በላሜራ ተሸፈነ፤ በውስጥ በኩል ፎም ገብቶበት በኮምፔርሳቶ ተለበጠ። በያጁ ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር በብየዳ ሊያጣብቀው ሲል ባለቤቴ ከለከለው። ሻንሲ በመጥፎ መንገድ ላይ ይጣመማል፤ ሳጥኑ ከተበየደበት አንዱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመሃሉ ጎማ ተደርጎ በቡሎን ታሰረ። 150 ሊትር ውኃ 150 ኪሎ መሆኑን አስልቶም በርሜሉን ዝቅ አድርጎ ወደ መሃል አስቀመጠው። የሰውየውን ዕውቀት ያየሁት ያኔ ነው። ለካስ ያን ሁሉ ዓመት መሪ ብቻ አልነበረም ሲይዝ የኖረው።

የእኔ ድርሻ ሁለት ነገር ነበር፤ አየርና ኢንሱሊን።

ከሰል አቀጣጥለው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎች ተሸክመው ሲመጡብኝ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ያመጣል፤ ብዙ ሰው ከዚያ እንቅልፍ አይነሣም። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ጋዙ መውጣቱን አይተውም። ስለዚህ ምድጃው ከውጭ በኩል በሚከፈት መሳቢያ ላይ ሆነ፤ በሳጥኑ ግድግዳ ላይም አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከላይ እንዲበሳ አደረግሁ። በያጁ «አቦ ሲስተር፣ ብርድ ታስገቢያለሽ!» ብሎ ሳቀብኝ። ብርድ በብርድ ልብስ ይመለሳል አልኩት።

ባለቤቴ የስኳር ታማሚ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ግን ይበላሻል። የተከፈተው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች ሆኖ፣ ለአብዛኞቹ ዓይነቶች 28 ቀን ያህል ያገለግላል። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ይህን አይምርም። ክትባት በአገራችን በመርሐ ግብር የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ እኔም ሥራ እንደጀመርኩ የክትባት ሣጥን ተሸክሜ ገጠር ስዞር ቅዝቃዜን መጠበቅ ለምጃለሁ። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ በመሃላቸው ርጥብ አሸዋ ሞላሁ፣ ከላይ ርጥብ ጨርቅ ሸፈንኩ። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ይህ ፍሪጅን አይተካም፤ ለተከፈተው ብልቃጥ ግን ይበቃል።

አንድ ቀን ማታ ባለቤቴ ከሥራው ቦታ ተመልሶ ጫማውን ሲያወልቅ የቀኝ እግሩ ካልሲ በደም ርሷል። ጫማውን ገልብጬ ሳየው ምስማር ሶሉን በስቶ ገብቷል። «መቼ ወጋህ?» አልኩት። አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሲራመድበት ውሏል።

ቁስሉን አጥቤ ካሸግሁ በኋላ ዓይኑን እንዲጨፍን ነገርኩት። በጥጥ ጫፍ የቀኝ እግሩን መዳፍ አውራ ጣቱ ሥር፣ መሃሉን፣ ተረከዙን ነካሁት። ዝም አለ። ደግሜ ነካሁት።

«ጀምሪያ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።

እኔ ጨርሼ ነበር።

ስኳር ነርቭን እንዲህ ነው የሚጎዳው፤ እግሩ አለ፣ ስሜቱ የለም። የቀኝ እግር ደግሞ የሾፌር የፍሬንና የነዳጅ እግር ነው። ለስንት ታካሚ ክፉ ወሬ የነገርኩ ሰው ይህን ለመናገር ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ቡና ላይ «ቤቷን እንጨርሳታለን፤ አንተ ግን አትነዳትም» አልኩት። ሲኒውን አስቀመጠና «እንግዲያው ሽጫት» ብሎ ወጣ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ሐኪሙም ያንኑ ነገረው። ከዚያ በኋላ ሸዋ በርን አልረገጠም። ዐሥራ ስድስት ቀን ሥራው ቆመ፤ እኛም ከ«ምሳ ቀርቧል» የዘለለ ነገር አልተነጋገርንም። ልጆቹ ገዥ ማፈላለግ ጀመሩ። እኔ የፈለግሁት እሱን ከአደጋ ማዳን ነበር፤ የወሰድኩበት ግን ራሱን የሚያውቅበትን ነገር መሆኑን አላሰብኩም ነበር።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን በያጁ አንድ ልጅ ላከ። «በሩ በስተቀኝ ይሁን ወይስ በስተግራ?» ይላል። እኔ መልስ ሳልሰጥ ባለቤቴ ከጓዳ ወጣ። «በስተግራ ከሆነ ስትወርድ መኪና ይገጫታል! በስተቀኝ፣ ወደ መንገዱ ዳር!» አለና ጃኬቱን አንሥቶ ልጁን ተከትሎ ሄደ። ማታ ሲመለስ የዱሮ ረዳቱን ጠርቶት ነበር። ያ ልጅ ዛሬ የራሱ መንጃ ፈቃድ ያለው ጎልማሳ ነው። «እሱ ይነዳል። እኔ ረዳት እሆናለሁ» አለኝ። ያን ዕለት ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው ጉዟችን በአወዳይና በሐረማያ በኩል ወደ ድሬዳዋ ነበር። ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ ተቀመጥን፤ መኪናዋ ስትሄድ ከኋላ ሰው እንዳይቀመጥ ቆርጠናል። ከደንገጎ ቁልቁል ድሬዳዋ እስክንገባ ባለቤቴ «ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬኑን አታሙቀው፣ በሞተር ያዛት» እያለ ወረደ። ልጁም «እሺ ጋሼ» እያለ ይታዘዛል። አንድ የዕቃ መደርደሪያ ተከፍቶ ብርጭቆዎቼ ተሰበሩ። ለሁሉም በር መቀርቀሪያ ማስፈለጉን የተማርነው በዚያ ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ሄደን ከምእመናኑ ድንኳኖች አጠገብ አደርን። ሌሊቱ ይበርዳል። ከጎናችን ያለች እናት የከሰል ምድጃ ወደ ልጆቿ ድንኳን ልታስገባ ስትል አየኋትና ሮጬ ያዝኳት። ነገሩን ከነገርኳት በኋላ ትርፍ ብርድ ልብሳችንን ሰጠናት።

ወደ መኪናዋ ስመለስ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን አውልቋል። የማታ ሥራችን ይህ ሆኗል። በባትሪ እያበራሁ በጣቶቹ መሃል፣ ከእግሩ ሥር፣ ተረከዙ ላይ ቁስል መኖር አለመኖሩን አያለሁ። በቤታችሁ የስኳር ታማሚ ያለ እንደሆነ እናንተም ይህን በየቀኑ አድርጉ፤ ጫማውንም ከማጥለቁ በፊት አራግፉለት። ወጪ የለውም።

«ምን አገኘሽ?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት በጊዜ እንነሣ፤ ልጁ መንገዱ ሳይጨናነቅ ይንዳ» አለና መብራቱን አጠፋ።