ስማችንን የምትጠራ ከተማ

ውጭ አገር ሄዶ ሕንጻ ቆጥሮ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ለሌላው ቱሪስት ይሆናል። ሐበሻ ሆናችሁ ሮም ከገባችሁ ግን እንዲህ ያለው ሽርሽር አይሳካላችሁም። ከተማዋ በየማዕዘኑ ስማችሁን እየጠራች ታስቆማችኋለች። ያውም ሳታውቃችሁ!

ሦስት ነን። ሁለታችን ከአዲስ አበባ የመጣን እንግዶች ነን። ሦስተኛዋ አብራን ጋዜጠኝነት የተማረችና አሁን ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት የምትጦር ጓደኛችን ናት። (አዎ፣ በዲግሪ! አትሳቁ፣ እናንተም ሲቪያችሁን እየበተናችሁ ነው።) ጣሊያን አገር ሰው ቤት ለሚሠሩ ሴቶች የተለመደው እረፍት ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። ስለዚህ ሽርሽራችን እሑድ ሆነ።

በቡና ጀመርን። እዚህ ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ከጠጣችሁ ይረክሳል፤ እናንተ ስትቀመጡ ዋጋው ይነሳል። እኛም ቆምን። "ማኪያቶ" ስንል በጣት በምታክል ሲኒ ጥቁር ቡና መጣልን፣ ወተቱ ጠብ ብሎበታል። የቦሌው ማኪያቶ ከዚህኛው ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም። ቢሆንም መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ቦርሳ እያልን ስንቆጥር፣ ጣሊያንኛ ሳንማር የምናውቅ ሰዎች ሆነን ተገኘን።

ከዚያ ተርሚኒ። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ "ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ" ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። የትኞቹ አምስት መቶ? በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸዋ! በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በላዩ ያልፋል፣ አሉላን ግን የሚያስታውስ የለም። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የሟቾቹ መታሰቢያ ሐውልት አለ። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘውም እዚሁ ነው። አንበሳው በኋላ ተመልሶ ለገሃር ቆሟል። እኛም ቆም ብለን ዘርዓይን አሰብነውና ወደ ሜትሮው ወረድን።

ሦስተኛው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ነው። ስትወጡ የምታዩት ትልቁ ነጭ ሕንጻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ ነው። ፋሺስቶች ያስጀመሩት ግን ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ነበር። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ፊት ለፊት ቆሞ ከርሞ፣ በ1996 ዓ.ም. ተነቀለ። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ክረምት አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። አሁን አካባቢው ላይ የኒውዮርኩን የመንትያ ሕንጻዎች ጥቃት የሚያስታውሱ ሁለት ትንንሽ ዓምዶች አሉ። ባዶ ቦታ አይቶ ደስ መሰኘት እንዲህ ነው ለካ!

ጓደኛችን ግን "ዋናውን ገና አላያችሁም" አለችን። በእግራችን ወደ ሳን ጆቫኒ አቀናን። አንድ ግድግዳ ላይ ያለውን የመንገድ ስም በጣቷ አሳየችን፦ "ቪያ ዴል አምባ አራዳም"። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በመድፍ፣ በቦምብና በመርዝ የተፈጀበት ተራራ፣ ሮም ላይ የአውቶቡስ መንገድ ሆኗል።

"ይኼ ብቻ መሰላችሁ?" አለች። የምትጦራት ሴትዮ ቤት በተዝረከረከ ቁጥር "ኬ አምባራዳን!" ትላለች። ምን ዓይነት ግርግር ነው እንደማለት። ጣሊያኖች ቃሉን ያገኙት ከዚሁ ተራራ ስም ነው። ጓደኛችን ቃሉን ለወራት ስትሰማ ኖራ፣ አንድ ሐሙስ በዚህ ስታልፍ ግድግዳው ላይ አነበበችው። ማታ ለሴትዮዋ ተራራው የት እንዳለና ምን እንደተደረገበት ነገረቻት። ሴትዮዋ ማንኪያዋን አስቀምጣ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሲዝረከረክ "ካዚኖ" ነው የምትለው፤ አምባራዳን ሲያልፍም ከአፏ አልወጣም።

"ታዲያ ይኼንን አትጽፊውም?" አልናት ሁለታችንም እኩል።

"ብጽፈው እማዬ ታነበዋላ። ቢሮ ነው የምሠራው ብያታለሁ።"

አራት ዓመት ሙሉ! እሑድ እሑድ ደውላ የምታወራት አንድ የሚያምር ሕንጻ ከኋላዋ አድርጋ ነው። ፊልም የሚሠራ ሰው እንኳን እንዲህ ቦታ አይመርጥም። ምክር ልንሰጣት አልደፈርንም። ቤት ኪራይ የምትከፍለው፣ ለታናናሾቿ የምትልከው እሷ ናት፤ እኛ ነገ ከነገወዲያ ተሳፋሪዎች ነን።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው። ሕንጻ ፍለጋ አልዞረችም። ተራው ግድግዳ ላይ ተደግፋ "እማዬ፣ እኔ ቢሮ አይደለም የምሠራው። አሮጊት ነው የምጦረው" አለቻቸው። ሁለታችን ጫማችንን እናይ ጀመር።

መልሱ ዘገየ። ከዚያ "እና ምን አለበት?" አሉ እናትየው። "አያትሽንስ እስክትሞት ያጠብሻት፣ ያጎረስሻት አንቺ አይደለሽ? ሴትዮዋ ምግብ ትበላለች?"

"ትበላለች እማዬ።"

"አንቺስ?"

ይኼን ጊዜ ነው ሦስታችንም ያለቀስነው። መንገደኞቹ ምን እንዳሰቡ እንጃ።

ሴትዮዋን የምታስተኛት እሷ ስለሆነች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት መመለስ ነበረባት። አውቶቡስ ስትጠብቅ "ማናችሁ ናችሁ እስክሪብቶ ያላችሁ?" አለችን። ሰጠናት። የቡናውን ደረሰኝ ገልብጣ ጀርባው ላይ የሞነጨረችው አንድ ቃል ነበር፦ "አምባራዳን"። ርእሱ ወጥቷል ማለት ነው። የቀረውን እናቷ ካነበቡት በኋላ ታነቡታላችሁ።