የአጭሩ ኮለን ዕዳ

ሁለት ፍሪዌዮች የሚገናኙበትን ቦታ የሚነድፍ መሐንዲስ ዋነኛ ራስ ምታቱ ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ጠርዙን ይዞ ይወጣል፤ ማንንም አይነካም። ወደ ግራ የሚታጠፈው ግን ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ሁሉ ማቋረጥ አለበት። በተራ መንገድ ላይ መብራት ይተከልና "ቁም" ይባላል። ፍሪዌይ ላይ መቆም የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ወይ ከላይ፣ ወይ ከታች ማለፍ ነው። ከአራቱም አቅጣጫ ግራ ታጣፊ አለና፣ አራቱን ሳያነካኩ ማሳለፍ እንደ ጥበብ ሽመና ነው፤ አንዷ ክር ቦታዋን ከሳተች ሁሉም ይበላሻል። በአማርኛ "ማሳለጫ" ያለው ሰው እጁ ይባረክ፤ ከፈረንጁ ቃል ይልቅ ሥራውን ይገልጻል።

እኔ በሎስ አንጀለስ ለብዙ ዓመታት የድልድይ ንድፍ ሳነሳ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ በእርሳስ፣ ኋላ በኮምፒዩተር። (ዘመኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በከተማዋ እምብርት ያለውና በ1953 ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ባለ አራት ደርብ ማሳለጫ የሙያው አያት ነው። እኔ ግን ልቤ ያለው በ1964 የተከፈተው፣ የሳንታ ሞኒካና የሳንዲዬጎ ፍሪዌዮች የሚገናኙበት ባለ ሦስት ደርብ ማሳለጫ ዘንድ ነው። የነደፈችው ማሪሊን ጆርገንሰን ሪስ ናት። ሴት መሐንዲስ በካሊፎርኒያ ብርቅ በነበረችበት ዘመን! ዛሬ ማሳለጫው በስሟ ይጠራል።

ውበቱ ከኩርባዎቹ ነው። ኩርባ ሲሠራ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን የኩርባው ስፋት እጥፍ ሆኖ አይበቃም፤ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ሚኒባስ ውስጥ ጥግ የተቀመጠ ሰው ሹፌሩ አደባባዩን በፍጥነት ሲዞር በጎረቤቱ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ሪስ መኪናው በሰዓት 55 ማይል፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ እንዲታጠፍ ፈለገች፤ ስለዚህ መወጣጫዎቹ ሰፊና ረጋ ያሉ ሆኑ፣ ሰማይ ላይ እንደ ተዘረጋ ነጠላ። ግን ሰፊ ኩርባ ሰፊ መሬት ይበላል።

ይህን ያስታወሰችኝ አክስቴ ናት። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀብዬ በ105 ቁጥር ፍሪዌይ ስወስዳት፣ ከ110 ጋር የሚገናኝበት ደረስን። ከመሬት እስከ 130 ጫማ፣ 40 ሜትር ያህል የሚወጣ ነው። እኔ ስለ ከፍታው ልነግራት ስዘጋጅ እሷ ቁልቁል እያየች፣

"ልጄ፣ እዚህ የነበሩት ሰዎች ወዴት ሄዱ?" አለችኝ።

"እትዬ፣ ክስ ነበረበት" አልኳት።

እውነትም ነበረበት። መንገዱ በሚያልፍበት ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች በ1972 ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ዳኛው ሃሪ ፕሬገርሰን ሥራውን አስቆሙ። በ1979 በስምምነት ፍርድ ሲቋጭ፣ ለተነሡት ምትክ ቤት እንዲሠራ፣ ሴቶችና ጥቁሮችን ጨምሮ አናሳዎቹ ሥራ እንዲያገኙ፣ በመንገዱ መካከል የባቡር መስመር እንዲዘረጋ ተወሰነ። መንገዱ የተከፈተው በ1993 ነው፤ ባቡሩ በ1995። ማሳለጫው በመሐንዲሱ ሳይሆን በዳኛው ስም ተሰየመ። በእኔ አስተያየት ትክክል ነው፤ ከባዱን የሠሩት እሳቸው ናቸው። አክስቴ ግን በዳኛው አልተደሰተችም። "ምትክ ቤት ጎረቤት አይሆንም" ብላ ዝም አለች።

መንገዱ በተከፈተ በሦስተኛው ወር፣ ጥር 17 ቀን 1994 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኖርዝሪጅ ላይ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማውን አራገፈው። በፌርፋክስ ጎዳና፣ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከከፈቱበት ብዙም ሳይርቅ፣ የሳንታ ሞኒካ ፍሪዌይ ድልድይ ወደቀ። የወደቁት ኮለኖች ከ1971 በፊት የተነደፉ ናቸው። ዋናው ፌሮ ወፍራም ነበር፤ እሱን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ስታፋ ግን ቀጭን፣ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ የታሰረ ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ስታፋው ይፈታል፣ ፌሮው እንደ ጃንጥላ ሽቦ ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ሲሚንቶው ይረግፋል። ዛሬ ጥቅጥቅ አድርጎ ማሰር ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ስመጣ በየግንባታው አጥር ቀዳዳ አጮልቄ ስታፋ የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ ዘበኞች ይታዘቡኛል።

ያን ድልድይ ለጠገነው ተቋራጭ የተሰጠው ጊዜ 140 ቀን ነበር፤ ቀድሞ ለጨረሰበት ለእያንዳንዱ ቀን 200 ሺህ ዶላር ተባለለት። በ66 ቀን ጨርሶ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉርሻ ወሰደ። ብዙዎች "ዘረፋ ነው" አሉ። እኔ አልመሰለኝም፤ ከተማው በየቀኑ ከዚያ የበለጠ ይከስር ነበር።

ከዚያ ሁሉ የሚከነክነኝ ግን ከከተማው በስተሰሜን፣ 5 እና 14 ቁጥር ፍሪዌዮች የሚገናኙበት ማሳለጫ ነው። በ1971 ገና ሲሠራ የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው፤ ከሞላ ጎደል በዚያው ንድፍ ተጠናቀቀ፤ በ1994 ደግሞ ወደቀ። መወጣጫው ከኮረብታው ተነሥቶ ወደ ሸለቆው ስለሚገባ ከዳር ያለው ኮለን አጭር፣ የመካከሎቹ ረጃጅም ናቸው። ሰው አጭሩ ይጠነክራል ይላል። ረጅም ባሕር ዛፍ ነፋስ ሲመጣ ይታጠፋል፤ ጉቶ አይታጠፍም። ኮለኖቹን አንድ ወለል ስላሰራቸው ሁሉም እኩል ይገፋሉ፤ ረጃጅሞቹ ሲለምጡ የማይለምጠው አጭሩ ኃይሉን ሁሉ ለብቻው ይሸከማል። በመጨረሻም ሳይለምጥ ተቆረጠ። ዛሬ ዲዛይነር አጭሩን ኮለን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን ባዶ ይተውለታል፤ ከላይ አጭር፣ በሥራው ረጅም ይሆናል። ቀላል ዘዴ ነው።

በዚያ ሌሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ክላረንስ ዌይን ዲን የሚባል የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በሞተር ብስክሌቱ ወደ ሥራው እየበረረ በዚያ መወጣጫ መጣ። ከፊቱ መንገድ እንደሌለ የሚያሳይ መብራት አልነበረም። ማሳለጫው አሁን የእሱን ስም ይዟል።