ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ላፕቶፕዎ መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ዊንዶውስ አልከፍት ካለ፣ የልጆችዎ ፎቶ ጠፋ ብለው አይደንግጡ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሲስተሙ እንጂ ፋይሉ አይደለም። በመጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ካለ ይንቀሉ፤ ኮምፒውተሩ ከእሱ ለመነሳት እየሞከረ ሊሆን ይችላል።

የእኔን ጥገና ቤት ስወስደው ባለሙያው በቅጡ ሳያየው «ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው፤ የሚጠፋው የእኔ ነው! «መጀመሪያ ፋይሌን አውጣልኝ» ብዬ ድርቅ አልኩ። ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሳና የልጄን የአራት ዓመት ፎቶዎች ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠልኝ። ካረፈው አባቴ ጋር የተነሳችው አንዲቷም እዚያው ውስጥ ነበረች።

ሃርድ ዲስኩ ቋ ቋ ካለ ግን ደጋግመው አያስነሱት። የቢትሎከር ቁልፍ ከተጠየቁ ደግሞ 48ቱን አሃዝ በቅድሚያ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ይፈልጉ።