ከመመዝገባችሁ በፊት

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንዲት እህታችን ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። በአንድ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ፣ በኦንላይን፣ በትዳርና ቤተሰብ ቴራፒ ማስተርስ ልትጀምር ነው። ገጹ ላይ ጥቅስ፣ ከሥሩ ክፍያው።

በጣም ደስ አለኝ። እዚህ ሜሪላንድ ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ጋ ነው የምንሮጠው። እምነታችንን የሚያውቅ ባለሙያ በእውነት ያስፈልገናል።

ጥቅሱ ግን ብቻውን አይበቃም። በቴራፒስትነት ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት በራሱ መስፈርት ነው። ትምህርቱ ኦንላይን ቢሆንም ልምምዱ ከእውነተኛ ጥንዶችና ቤተሰቦች ጋር፣ በሱፐርቫይዘር ሥር ነው።

የልምምዱን ቦታ ማን ነው የሚፈልገው? ትምህርት ቤቱ ወይስ ተማሪዋ?

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ምን ገጠማችሁ? እባካችሁ ጻፉላት፤ ገና አልከፈለችም።