ቀይዋ ፊውዝ

መኪናችን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ ገና ጎበዝ ነው፤ ሽቦዎቿ ግን አርጅተዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ክፉ አመል አወጣች። ቀን ቀን ደህና ነች። ማታ መብራት አብርቼ ኮረኮንች ስረግጥ ግን የኋላ መብራቷና የዳሽቦርዱ መብራት አንድ ላይ ድርግም ይላሉ። የፊቱ ስለማይጠፋ ከፊት ለሚያየኝ ጤነኛ ነኝ፤ ከኋላዬ ለሚመጣው ከባድ መኪና ግን የለሁም።

የፊውዝ ሳጥኑን ስከፍት ቀይዋ ባለ 10 አምፒር ፊውዝ ተቃጥላለች። ቀየርኳት። ሳምንት ሳይሞላ ደገመች፤ ብቀይራት ሠለሰች። ባለቤቴ "ለምን ለባለሙያ አታሳይም?" ስትለኝ "ትንሽ ነገር ናት" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ወጪውን ነው። ቀደም ሲል መብራት አስቸገረኝ ብዬ የሄድኩበት ጋራዥ ምንም ያልሆነ ባትሪና ዲናሞ አስቀይሮኝ የወር ደመወዜ እዚያው ቀርቷል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "መፍትሔ" ነገረኝ፤ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት በተቃጠለችው ፊውዝ ላይ ጠቅልሎ መመለስ። አደረግኩት። ሦስት ሳምንት መብራቱ አልጠፋም። በራሴም ኮራሁ።

ከዚያ ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄድን። ስንመለስ ዘመዶች ባቄላና ድንች ሲጭኑልን መሸ። ሸኖንና አለልቱን አልፈን ወደ ሰንዳፋ ስንቃረብ፣ ተኝታለች ያልኳት የ7 ዓመት ልጄ ከኋላ "አባዬ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል" አለች።

"ከውጭ ነው፣ ተኚ" አልኳት። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ብዙም ሳንሄድ ከመሪው ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ።

ዳር ይዤ ሞተር አጠፋሁ፤ ልጆቹን አውርደን ከአስፋልቱ አራቅናቸው። ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ በ10 ቁጥር ቁልፍ ስፈታ እጄ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉ ሁለቴ ወደቀብኝ። ገመዱ ሲላቀቅ ጭሱ ቆመ። መኪናዋን እዚያው አሳድረን በሚኒባስ ገባን። ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሰዎች የጠቆሙኝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ፊውዟን ነቅለው በመዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

"ይህቺን ማን ጠቀለላት?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ልጄ፣ ፊውዝ የተሠራችው ሽቦው እንዳይነድ ቀድማ እንድትሞት ነው። አንተ እንዳትሞት ስትከለክላት፣ ሽቦው በእሷ ፋንታ ነደደ።"

የተቃጠለውን ሽቦ ከቀየሩ በኋላ በፊውዟ ቦታ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በገመድ አሰሩ። "ሽቦው ደህና ሲሆን ደብዘዝ ይላል፤ ከመኪናዋ ብረት ጋር ሲነካካ ቦግ ይላል" አሉኝ። የኋላውን መብራት ሲያበሩ አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ሽቦውን በየቦታው እየነቀነቁ ሄዱ፤ ለውጥ የለም። የኋላውን ኮፈን ይዘው ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ግን አምፖሉ ቦግ አለ።

ጥፋቱ ማጠፊያው ላይ ነበር። ወደ ታርጋው መብራት የሚሄደው ሽቦ ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲታጠፍ ኖሮ፣ የላይ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል። ኮረኮንች ላይ ስንነጥር መዳቡ ብረቱን ይነካል፤ ፊውዟም ትቃጠላለች። የተበላው የአንድ ጣት ያህል ሽቦ ነው። ቆርጠው ቀጠሉት፣ ሸፈኑት፣ አዲስ ቀይ ፊውዝ ሰኩ። የከፈልኩት ያለጥፋቱ ከተቀየረው ባትሪ ዋጋ በእጅጉ ያንሳል።

አሁን በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ትርፍ ፊውዞች አሉኝ፤ ሁሉም በልካቸው። አንዴ ከተቃጠለች እቀይራለሁ። ከደገመች ግን ወደ ባለሙያው እሄዳለሁ እንጂ ብርማ ወረቀትም ሆነ ከፍ ያለ አምፒር አልሞክርም።

ልጄ እስከ ዛሬ መኪና ውስጥ ስትገባ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ ታደርጋለች። ባለፈው ሳምንት "አባዬ፣ ይሸታል" አለችኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሽታው በመንገድ ዳር ከሚቃጠል ቆሻሻ ነበር። ባለቤቴ ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ውስጥ ሳቀች።