ፎቶግራፍ በፀሐይና በውኃ

በአማርኛ ፎቶግራፍ «ይነሣል»፤ ከተነሣም በኋላ «ይታጠባል»። ቋንቋውን በመማር ላይ ያሉ አንዳንድ የሥራ ጓደኞቻችን፣ «ልብስ ይታጠባል፤ እጅም ይታጠባል፤ ፎቶግራፍ ግን እንዴት ይታጠባል?» ብለው ይጠይቁናል። ዛሬ ሥዕሉ በስልክ ውስጥ ተወልዶ በስልክ ውስጥ ስለሚቀር ጥያቄያቸው አያስደንቅም። እኛም ራሳችን የግሡን ትርጕም በሚገባ ያወቅነው ካርቱም ላይ፣ በቤታችን ጣራ፣ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ፊት ተቀምጠን ነው።

ወደ ካርቱም የተላክነው በ2014 ዓ. ም. በመሥሪያ ቤታችን ትእዛዝ ነበር። የተከራየነውም ቤት ሐበሾች በብዛት ይኖሩበት በነበረው በደይም ሰፈር ነው። ከዕቃችን ጋራ አንድ የአባታችን ፎቶግራፍ ነበረ፤ ቁመቱ ከመዳፍ አይበልጥም። አባታችን በ1977 ዓ. ም. በረኃቡ ጊዜ ከትግራይ በእግራቸው ወደ ሱዳን ከተሰደዱት ከብዙ ሺሕ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ካርቱም ገብተው፣ የቀን ሥራ አግኝተው፣ ጥቂት ገንዘብ ባጠራቀሙ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት ነገር ፎቶ ቤት ገብተው መነሣት ነው። ማንበብና መጻፍ ስላልቻሉ፣ በሕይወት መኖራቸውን ለእናታችን የሚያስታውቁበት ደብዳቤ ይኸው ነበረ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን በወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። በሱዳን የዚያ ዐይነት ፎቶ ቤት ብዙ ነበረ፤ ከባለሙያዎቹም የአትባራው ራሺድ ማህዲ ስሙ ከአገሩ ውጭ የታወቀ ነው። አባታችንን ያነሣው ማን እንደ ሆነ ግን በወረቀቱ ጀርባ አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፎቶግራፍ ሳይነሡ፣ እኛም ገና ፊደል ሳንቈጥር ዐረፉ።

ከዚህ ሥዕል ተገልብጦ የተሠራ ትልቅ ቅጂ በአዲግራት በእናታችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። በ2013 ዓ. ም. በተጀመረው ጦርነት ከቤቱ ዕቃ ጋራ እርሱም ጠፋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ስልክ ተከፍቶ ድምፃቸውን በሰማን ጊዜ፣ እናታችን በመጀመሪያ የልጆቻችንን ጤና ጠየቁ፤ ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ የአባትህ ቦታ ባዶ ነው። ያችን ትንሿን ሥዕል አሳድገህ ላክልኝ» አሉን።

ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። በሚያብለጨልጭ ወረቀት አሳተምነው፤ ነገር ግን መስኮት አጠገብ ባስቀመጥነው በጥቂት ሳምንት ውስጥ የአባታችን ፊት ወደ አረንጓዴ አደላ። ይህን ያየ አንድ ጐረቤታችን፣ ሥዕል ያጠና ሱዳናዊ ወጣት፣ «ኡስታዝ፣ ለእናት የሚላክ ነገር እንዲህ አይሠራም» አለንና በጣራው ላይ ሰማያዊውን ዘዴ አሳየን።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ሰር ጆን ኸርሸል የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1842 ዓ. ም. ያገኘው ነው፤ በማግሥቱ ዓመትም አና አትኪንስ የምትባል ሴት የባሕር አረም በዚሁ ዘዴ እያተመች በመጽሐፍ መልክ ማውጣት ጀመረች። መሐንዲሶች ለረዥም ዘመን የቤት ፕላን ይገለብጡበት የነበረው ሰማያዊ ወረቀት የዚሁ ልጅ ነው። የሚፈለጉት ሁለት የብረት ጨዎች ናቸው። 25 ግራም አሞኒየም ፌሪክ ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሟሟል፤ 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ደግሞ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ለብቻው ይሟሟል። ባለቤታችን «ሲያናይድ» የሚለውን ቃል በሰማች ጊዜ ጠርሙሱን ከወጥ ቤት አስወጣችው። በዚህ ጨው ውስጥ ሲያናይዱ ከብረት ጋራ በጽኑ የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ብርቱ አሲድ ወይም ብርቱ እሳት ካልነካው በቀር እንደ ስሙ የሚያስፈራ አይደለም ብለን ብናስረዳትም አልተመለሰችም። ጠርሙሱም በብረት ሣጥን ውስጥ እንዲቈለፍ ተፈረደበት፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ፍርዷ ትክክል ነበረ።

ሁለቱ በእኩል መጠን ተቀላቅለው በሰፊ ብሩሽ ወረቀቱ ላይ ይቀባሉ፤ ወረቀቱም በጨለማ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ በላስቲክ ላይ የታተመው ነጌቲቭ፣ ማለትም ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩም ነጭ ሆኖ የተገለበጠው ሥዕል፣ በላዩ ተነጥፎ በመስተዋት ይጫንና ለፀሐይ ይሰጣል። ብርሃን ያገኘው ስፍራ ሰማያዊ ይሆናል፤ ብርሃን ያላገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ለማጠቢያውም ከውኃ በቀር ሌላ መድኀኒት አያስፈልግም።

የወረቀቱ ነገር ግን ብዙ ያስቸግራል። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውኃ ውስጥ ሲቈይ ይበጣጠሳል። የሚያገለግለው ሠዓሊዎች ለውኃ ቀለም የሚጠቀሙበት፣ ከጥጥ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ነው። እኛ ያገኘነው ወጣቱ ከትምህርት ዘመኑ ያስተረፈውን፣ በጣሊያን አገር በፋብሪያኖ የተሠራውን ነበር፤ በዚያች ከተማ ወረቀት መሥራት ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኖረ ሙያ ነው። ካርቱም ተቀምጦ የጥጥ ወረቀት ከጣሊያን መሻት ያስቃል፤ ከከተማው በስተ ደቡብ ያለው የገዚራ እርሻ፣ የሰናር ግድብ ካለቀበት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1925 ዓ. ም. አንሥቶ በዓባያችን ውኃ የታወቀ ጥጥ ሲያበቅል የኖረ ነውና። ደግሞም ብዙው የዛሬ ወረቀት እንዳይበላሽ ተብሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይገባበታል፤ ሰማያዊው ቀለም ግን ከኖራ ጋራ አይስማማም። ስለዚህ ወረቀቱን አስቀድመን ዐረቦች የሎሚ ጨው በሚሉት ውኃ ውስጥ እየነከርን ኖራውን እናስለቅቅ ነበር። ከአክሱም የመጣ አንድ ቍራጭ የፍየል ብራናም ሞክረናል፤ ውኃ ሲነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ተኰማተረ፤ ጸሐፍቱ ብራና የማያጥቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያው ወረቀት ከውኃ ሲወጣ ጀለቢያው ግሩም ሆኖ ታየ፤ እጥፋቱ ሁሉ ይቈጠር ነበር። የአባታችን ፊት ግን አንድ ወጥ ሰማያዊ ጕድጓድ ሆነ፤ ዐይንም አፍንጫም የለውም። በስልክ አንሥተን ለታላቅ እኅታችን ብንልክላት፣ «ልብሳቸውን አየሁት፤ እርሳቸውን ግን አላየሁም» ስትል መለሰችልን። እርስዋ አባታችንን በአካል ታስታውሳቸዋለች፤ እኛ ግን ፊታቸውን የምናውቀው ከዚያው ሥዕል ብቻ ነውና ቃልዋ ዘልቆ ተሰማን።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ወር ፈጀብን። ጥቁር ፊት በነጌቲቩ ላይ ስስ ሆኖ ስለሚወጣ ብርሃኑ ያለ ከልካይ ያልፋል፤ የልብሱ እጥፋት እስኪታተም ድረስ የፊቱ መልክ ተውጦ ያልቃል። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ኮዳክ እንኳ የቀለም ማመዛዘኛ ካርዶቹን ለብዙ ዓመታት በነጭ ሴት ፊት ሲሠራ ኖሯል። ነጌቲቩን አራት ጊዜ አሠራን፤ በየጊዜውም በፊቱ ስፍራ ያለውን ጥላ እያወፈርን፣ በፀሐይ የሚቈይበትን ጊዜ ከ12 ደቂቃ ወደ 7 ደቂቃ አወረድን። በመካከሉም ሌላ ጥፋት አልጠፋም። ቀን የቀባነው ወረቀት ከሙቀቱ የተነሣ ፀሐይ ሳያይ ስለ ጠቈረ መቀባቱን ወደ ሌሊት አዛወርነው። አንድ ቀን ደግሞ ሳሙና የቀረበት ሳፋ ውስጥ ስናጥብ ሰማያዊው ዐይናችን እያየ ወደ ቢጫ ተለወጠ። ጐረቤታችን ከሰማያዊው በላይ ጥቁር ቀለም በኮርዶፋን ሙጫ ሊደርብበት አስቦ ነበር፤ ሙጫው የአገሩ ክብር ነውና ሐሳቡን ወደድነው፤ ነገር ግን ሙጫው ብርሃን እንዲሰማው የሚያደርገው ባይክሮሜት የተባለው ጨው በእውነት መርዝ ስለ ሆነ ተውነው።

በመጋቢት ወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ወረቀቱ ከሳፋው ሥር ሳለ ሁለት ዐይኖች ቀስ ብለው ወጡ። ከትንሹ ሥዕል ላይ ከቶ ያላየነው ነገርም ታየ፤ አባታችን በግራ ቅንድባቸው ላይ ጠባሳ ነበራቸው። ለእኅታችን ብንነግራት፣ «በቅሎ የረገጠቻቸው ነው፤ አታውቅም ነበርን?» አለችን። ባለቤታችን፣ «ነገር ግን ሰማያዊ ሰው ለእናትህ ይላካልን?» ብላ ስትጠይቅ፣ መልሱን የሰጠው ወጣቱ ነው። በዐረብኛ አዝረቅ ማለት ሰማያዊ ነው፤ ሱዳኖች ግን ጥቁሩንም ሰው አዝረቅ ይሉታል። እነርሱ ሰማያዊ የሚሉትን ወንዝ እኛም በአማርኛ ጥቁር ዓባይ እንለዋለን።

በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ አገኘንና አንዱን ወረቀት ላክን። በግራ ማዕዘኑ ብሩሹ ያንጠባጠበው ነጠብጣብ ነበረበት፤ ቢሆንም መንገደኛው ስለ ቸኰለ፣ የተሻለውን በሚቀጥለው ጊዜ እንልካለን አልን። ለወንድሞቻችንና ለእኅታችን የሚሆኑትን አራቱን ወረቀቶች፣ ንጹሑንም ጭምር፣ በክፍላችን ገመድ ላይ ሰቀልናቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም.፣ የፋሲካ ዋዜማ በቅዳም ሥዑር ጧት፣ በካርቱም ተኩስ ተከፈተ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ በአንዳንድ የእጅ ሻንጣ ብቻ በአውቶቡስ ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ መተማ ወጣን። የአባታችን ትንሽ ፎቶግራፍ፣ ለደኅንነቱ ብለን ከዚያ ጠርሙስ ጋራ በቈለፍነው ሣጥን ውስጥ ቀረ። ስልካችንንም መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወሰዱት። ወጣቱ ፖርት ሱዳን መድረሱን የሰማነው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ስለዚህ አዲግራት በደረስን ጊዜ ለማየት የቸኰልነው ያንኑ ነጠብጣብ ያለበትን ወረቀት ነበር። ከእርሱ ላይ አዲስ ነጌቲቭ አሠርተን ለአራቱም እኅትና ወንድሞቻችን አጠብንላቸው፤ ነጠብጣቡም አብሮ ታተመ። የታናሽ ወንድማችን ልጅ ከአያቱ በትር የወደቀ ጤዛ ነው ብሎ ያምናል፤ በሥዕሉ ላይ በትር የለም።

እናታችንን አንድ ነገር አስጠንቅቀናቸዋል፤ ይህ ሰማያዊ ቀለም ብርቱ ፀሐይ ሲበዛበት ይደበዝዛል፤ በጨለማ ሲያርፍ ግን የደበዘዘው ቀስ በቀስ ይመለሳል። እርሳቸውም ከዚያ ወዲህ ጧት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ መስተዋቱን በነጠላቸው ይሸፍኑታል፤ ማታ ቡና ሲቀርብ ይገልጡታል። ባለፈው የጥር ዕረፍታችን በቀን ልንገልጠው እጃችንን ብንዘረጋ፣ «ተወው፤ ካርቱም ፀሐይ ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ እስኪመሽ ትንሽ ይረፍ» አሉን።