ሸክሙን ማን ያውርድላት?

ባለፈው ወር በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን ዞሬ አየሁ። በነርስነት ያገለገልኩባቸው ከተሞች ናቸው። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስላልሄድኩባቸው ምን እንደተለወጠ ለማየት ጓጉቼ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ወደ ሱሉልታ ነው። ታክሲያችን ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት ሲያያዘው የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ገባ። ይህ ዛፍ ባለውለታችን ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ አዲስ አበባን ባለችበት አቆያት። ማገዶውን ከጫካ እስከ ምጣድ ያደረሱት ግን ሴቶች ናቸው፤ በጀርባቸው።

ሁለት ሴቶች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል ሲመጡ ሳይ አንዲት ታካሚዬ ትዝ አለችኝ። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወገቤን ብላ ጤና ጣቢያ መጣች። ሸክሟን አጥር ሥር አስቀምጣ ዓይኗ ከዚያ አይነቀልም። በሚዛን አስቀመጥነው፤ 38 ኪሎ። እሷ ራሷ 47 ኪሎ ነበረች።

«ከባድ ነገር አትሸከሚ፤ ዕረፍት አድርጊ» አልኳት፤ የተማርኩት እሱን ነው።

«እሺ ሲስተር፣ እሱን ልተወው። ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘኋት።

ሱሉልታ ስንደርስ ድሮ ከብት ይግጥበት በነበረው ሜዳ ውኃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ቆመዋል፤ የታሸገው ውኃ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከአስፋልቱ ገባ ስል ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ቦኖው እስኪከፈት ይጠበቃል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። «ዛሬ ይመጣል?» ብዬ አንዷን ወጣት ጠየቅኳት። «ተስፋ አንቆርጥም፣ እናቴ» ብላ ሳቀች።

በሁለተኛው ቅዳሜ በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ሄድኩ። አዲስ አበባን ለረጅም ዘመን ያጠጣው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው በዚህ በኩል ነው። ከተማዋ በግንባታ ተሞልታለች። ፎቆቹ ሥር ወጣት ሴቶች አሸዋና ድንጋይ በባሬላ ያመላልሳሉ። ምሳ የጋበዘችኝ የቀድሞ ባልደረባዬ ግቢ ውስጥ ኤሌክትሪክ ገብቷል፤ እንጀራው ግን ዛሬም በእንጨት ይጋገራል። በዓለም ላይ የቤት ውስጥ ጭስ በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደሚገድል የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። ይህን ጭስ ከሁሉ ይበልጥ የሚተነፍሱት ምጣድ ሥር የሚውሉት እናቶችና ያዘሏቸው ልጆች ናቸው።

የመጨረሻው ሰበታ ነው። ዓለም ገናን አልፌ ስደርስ የአበባ እርሻና የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ይጠብቁ ነበር፤ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። አጠገቤ የቆመች የአበባ እርሻ ሠራተኛ እናቷ እንጨት ተሸካሚ እንደነበረች አጫወተችኝ። «ደመወዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም፤ ግን ስወልድ ዕረፍት አግኝቻለሁ» አለች። እውነቷን ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ በጠቅላላው 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን እስካሁን የለም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይሰጣችሁ እንደሆነም ጠየቅኳት፤ «አንዳንዴ» አለችኝ።

ስመለስ ያችን ነፍሰ ጡር አሰብኳት። ያኔ የሰጠኋት ምክር ትክክል ነበር፤ ግን ምትክ አልነበረውም። እንጦጦ ሥር የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አባላት ሸማኔ ሆነው ሻርፕ እየሠሩ ይሸጣሉ። ሸክሙን የተዉት ሌላ እንጀራ ስላገኙ ነው። ደን እንዳይቆረጥ የምንፈልግ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ሥራ ማብዛት አለብን። ቧንቧው ደጇ ይድረስ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ አቅሟ የሚችለው ይሁን፤ የፋብሪካው ደመወዝም ከኪራይ ይትረፍ። ያን ጊዜ «አትሸከሚ» የምትላት ነርስ እንደኔ አታፍርም።